የማይታየው ቧንቧ የማን ነው? የለንደን ውሃ ከነጋዴ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ነጋዴ

እ.ኤ.አ. በ1854 ኮሌራ ለንደንን መታ። ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ባሉ ሰፈሮች በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ዕጣቸው ለየቅል ሆነ። የሚገበዩበት ገበያ አንድ ነው፤ የሚተነፍሱት አየርም የሚረግጡት ጭቃም አንድ ነው። ሆኖም ከአንዱ ቤት ሬሳ ሲወጣ የጎረቤቱን ቤት በሽታው ሳይነካው ያልፋል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሐኪም ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብሎ ያምን ስለነበር ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነ። ሽታው እንደሆነ ለሁለቱም ቤት እኩል ነው።

ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን መልሱ ከመሬት በታች ነው ብሎ ተነሣ። ሰው የሞተባቸውን ቤቶች በር ለበር እየዞረ ውሃ የሚያቀርብላቸው የትኛው ኩባንያ እንደሆነ ይጠይቅ ጀመር። ብዙው ተከራይ አያውቅም፤ የውሃውን ሂሳብ የሚከፍለው አከራዩ ነው። ስለዚህ ስኖው ከየቤቱ ውሃ እየወሰደ የጨው መጠኑን እስከ መመርመር ደረሰ። የአንደኛው ኩባንያ ውሃ ከሌላው ይልቅ ጨዋማ ነበርና በዚያ ይለየዋል።

በእነዚያ ሰፈሮች ሁለት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። ቀደም ባሉት ዓመታት ደንበኛ ሲሻሙ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቧንቧ ቀብረዋል። ሳውዝዋርክ ኤንድ ቮክስሆል የሚባለው ውሃውን የሚስበው የከተማው ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት፣ ባተርሲ ከተባለው የወንዙ ዳር ነው። ላምቤዝ የሚባለው ግን በ1852 መሳቢያውን ከከተማው በላይ፣ ፍሳሹ ወደማይደርስበት የወንዙ ክፍል አዛውሯል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንታት ሳውዝዋርክ ኤንድ ቮክስሆል ከሚያቀርብላቸው 40,046 ቤቶች 1,263 ሰው ሞተ። ላምቤዝ ከሚያቀርብላቸው 26,107 ቤቶች የሞተው 98 ነው። በ10,000 ቤት ሲሰላ 315 ለ37 መሆኑ ነው።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው «ነጋዴ ውሃ ውስጥ እጁን ሲያስገባ የሚሆነው ይኸው ነው» ሊል ይችላል። ላምቤዝም ግን ትርፍ ፈላጊ ኩባንያ ነበር። ደግሞም ሳውዝዋርክ ኤንድ ቮክስሆል የጣሰው ሕግ አልነበረም። በ1852 የወጣው ሕግ ኩባንያዎች ሁሉ መሳቢያቸውን ከከተማው በላይ እንዲያዛውሩ አዝዞ እስከ ነሐሴ 1855 ድረስ ጊዜ ሰጥቷቸዋል። አንዱ አስቀድሞ ወጪውን አወጣ፣ ሌላው የተሰጠውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ተጠቀመበት። የሞቱት ሰዎች የሞቱት በሕጋዊ ውሃ ነው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ከወንዙ ማዶ፣ ሶሆ በሚባለው ሰፈር የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ብሮድ ስትሪት ላይ የነበረው የጉድጓድ ፓምፕ የአጥቢያው ነው። ባለአክሲዮን የለውም፣ ዋጋም አይጠየቅበትም። ጣዕሙ የተመሰገነ ስለነበር ሰፈሩን ለቀው ሃምፕስቴድ የሚኖሩ አንዲት ሴት ውሃውን ከዚያው ፓምፕ በጋሪ እያስመጡ ይጠጡ ነበር። እሳቸውም በዚሁ ውሃ ሞቱ። በሰፈሩ በአጠቃላይ 616 ሰው አለቀ። ስኖው የአጥቢያውን ሹማምንት ለምኖ የፓምፑን እጀታ ካስነቀለ በኋላ ጉድጓዱ ሲመረመር፣ ከጎኑ የነበረ የአንድ ቤት የመጸዳጃ ጉድጓድ ግንቡ ተበልቶ ወደ ውሃው ይሰርግ እንደነበር ተረጋገጠ። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን የሚከታተል ሰው አልነበረም።

እንግዲህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ፣ በግል ቧንቧም በሕዝብ ፓምፕም ሰው ሞቷል። ውሃ በመንግሥት እጅ ይሁን ወይስ በግል የሚለው ክርክር በየአገሩ ሲነሣ ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት የሌላውን ሬሳ ነው። የለንደንን ታሪክ ከሥሩ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያያል። ለንደን ውሃዋን ለነጋዴም ለመንግሥትም ሰጥታ አይታለች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ። ባለቤቱ በተለዋወጠ ቁጥር አንድ ጥያቄ ግን አብሮ አለፈ፦ ማንም የማያየውን፣ ከመሬት በታች ያለውን ነገር ዛሬ በገንዘቡ የሚጠግነው ማን ነው? እምቢ ካለስ ማን ያስገድደዋል?

ነገሩ የሚጀምረው ከቦኖ ነው። በ1200ዎቹ አጋማሽ የለንደን ከተማ አስተዳደር ታይበርን ከሚባለው አካባቢ ምንጭ በእርሳስ ቧንቧ ውሃ ስቦ ገበያው መሀል ቺፕሳይድ ላይ አወጣው። ለነዋሪው በነጻ ነበር። ቢራ ጠማቂዎችና ሌሎች ውሃን ለሥራቸው በብዛት የሚፈልጉ ግን ይከፍላሉ። መቅዳት የማይችል ሰው ለውሃ ቀጂ ሳንቲም ሰጥቶ ያስቀዳል። መስመሩን የሚጠብቁ ሰዎች ተሹመው ነበር፤ ስርቆትም አልቀረም። በ1478 ፍሊት ስትሪት የሚኖር አንድ ሻማ ሠሪ ቧንቧውን ከመሬት በታች በስቶ ወደ ምድር ቤቱ ውሃ ሲስብ ተያዘ። ፍርዱ ዛሬም ያስቃል። በራሱ ላይ የቦኖ አምሳል ተደርጎለት በፈረስ ከተማውን ዞረ። ዛሬ ሕገ ወጥ ቅጥያ የምንለውን ነገር የዚያ ዘመን ሰው በገንዘብ ሳይሆን በውርደት ይቀጣው ነበር።

ከተማው ሲሰፋ ቦኖው አልበቃም። አስተዳደሩም ገንዘብ አልነበረውም። በ1580ዎቹ ፒተር ሞሪስ የተባለ የውጭ አገር ተወላጅ ከለንደን ድልድይ አንዱን ቅስት ለ500 ዓመት ተከራይቶ፣ በወንዙ ጉልበት በሚሽከረከር መዘውር ውሃ ወደ ቤቶች መግፋት ጀመረ። የሊዝ ዘመን ረዘመብን ለሚል ሰው ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

ትልቁ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሂው ሚድልተን የሚባል የዌልስ ተወላጅ ወርቅ አንጥረኛ ከከተማው በስተሰሜን ሃርትፎርድሺር ካሉ ምንጮች እስከ ለንደን ጫፍ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዝ ቦይ ሊቆፍር ተነሣ። ቦዩ በዚያ ሁሉ መንገድ የሚወርደው ስድስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ያለ ዘመናዊ መሣሪያ ይህን ያህል ለጥ ያለ ተዳፋት ጠብቆ መቆፈር እንዴት እንደተቻለ ዛሬም ያስገርማል። ፓርላማው ለሥራው ሥልጣን የሰጠው ለከተማው አስተዳደር ነበር፤ አስተዳደሩ ግን ወጪውን ፈርቶ ለሚድልተን አሳለፈለት። መሬታቸው የሚቆረጥባቸው ባለርስቶች አላሳልፍ አሉ፣ የወርቅ አንጥረኛውም ገንዘብ አለቀ። በ1612 ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ የወጪውን ግማሽ ሊከፍል፣ የትርፉን ግማሽ ሊወስድ ተስማማ። ከዚያ በኋላ የባለርስቶቹ አፍ ተዘጋ፣ በ1613 መስከረም መጨረሻም ውሃው ከተማ ገባ። ቦዩ ኒው ሪቨር ተባለ።

እንግዲህ የዓለም የግል ውሃ ኩባንያዎች አያት ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ድርጅት ሲወለድ ግማሽ ጎኑ ቤተ መንግሥት ነው። ያለ ንጉሡ ገንዘብና ያለ ንጉሡ ቁጣ ቦዩ አይደርስም ነበር። ያለ ሚድልተን ድፍረትም አይጀመርም ነበር። (ንጉሡ ከጊዜ በኋላ በክረምት በፈረስ ሲጓዙ ፈረሱ ጥሏቸው በዚያው በራሳቸው ቦይ በረዶ ውስጥ ተዘፍቀው በእግራቸው ተጎትተው ወጥተዋል።) ልጃቸው ቀዳማዊ ቻርለስ ትርፉ ሲዘገይባቸው በ1631 የቤተ መንግሥቱን ድርሻ በዓመት 500 ፓውንድ ቋሚ ክፍያ ለውጠው ወጡ። ኩባንያው የመጀመሪያውን የትርፍ ድርሻ ያከፋፈለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1800ዎቹ መጨረሻ የዚህ ኩባንያ አንድ ሙሉ አክሲዮን ከ100,000 ፓውንድ በላይ ይሸጥ ነበር።

በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፓርላማው ውድድር ይፍጠን ብሎ ለአዳዲስ ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጠ። ዌስት ሚድልሴክስ፣ ኢስት ለንደን፣ ግራንድ ጀንክሽን በተከታታይ መጡ። የሆነው ለጥቂት ዓመታት የጉድ ነበር። አንዱ ኩባንያ የቀበረበትን መንገድ ሌላው ይቆፍራል። ደንበኛው በወር ውስጥ ሦስት ሻጭ በሩን ሲያንኳኳበት ዋጋ ያወዳድራል። ኩባንያዎቹ ተያይዘው ሊከስሩ ሆነ። በ1817 ግን ከወንዙ በስተሰሜን ያሉት ተቀምጠው ከተማውን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈሉት። አንዱ በሌላው ሰፈር ላይገባ ተስማሙ፣ ከዚያም ዋጋ ጨመሩ። ከወንዙ በስተሰሜን ሰው ለቤቱ ውሃ አቅራቢውን መርጦ መቀየር የቻለበት ዘመን ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልመጣም። አንድ መንገድ ሥር ሁለት ቧንቧ መቅበር አያዋጣም፤ ስለዚህ ውሃ እንደ ሳሙና ወይም እንደ ስኳር በገበያ ውድድር የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ይህ ርዕዮተ ዓለም ሳይሆን የቁፋሮ ሂሳብ ነው።

በግል ኩባንያዎች ዘመን ለንደን ውሃ የምታገኘው በፈረቃ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የፈረቃውን ቀን እየቆጠረ ሌሊት ተነሥቶ በርሜል የሚሞላ ሰው ሥዕሉን ለማየት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። በየሰፈሩ መክፈቻ የያዘ ሠራተኛ መጥቶ መስመሩን ለተወሰነ ሰዓት ይከፍታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ሀብታም ቤቱ ውስጥ ትልቅ ገንዳ አለው። ድሃ በጋራ ቧንቧ ሥር ተሰልፎ ያገኘውን ዕቃ ይሞላል፣ የተሞላው ውሃም ተከድኖ ባልተቀመጠ በርሜል ውስጥ ይቆያል። እሳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈለገው መክፈቻውን የያዘው ሰውዬ ነው።

ለኩባንያዎቹ የሚገባቸውን ምስጋና መንሳት ግን ተገቢ አይሆንም። በ1829 የከተማውን ውሃ በአሸዋ ማጣሪያ ማሳለፍ የጀመረው ቼልሲ የተባለው የግል ኩባንያ ነው። መሐንዲሱ ጄምስ ሲምፕሰን የዘረጋው ዘዴ በኋላ ዓለም ሁሉ የተከተለው ሆነ። ሌሎቹ ኩባንያዎች ግን ሕግ እስኪያስገድዳቸው ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ሊዘገዩ ቻሉ። ጥሩው ነጋዴ የሚያደርገውን መጥፎውም እንዲያደርግ የሚያስገድድ አካል አልነበረም።

ያ አካል ሲመጣም ጥርስ አልነበረውም። በ1866 ኮሌራ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ሞቱ የተከማቸው ኢስት ለንደን የተባለው ኩባንያ ውሃ በሚያቀርብበት የከተማው ምሥራቅ ነው። ኩባንያው በሕጉ መሠረት ማጣሪያ አለው። መሐንዲሱ በጋዜጣ ላይ አንዲት ጠብታ ያልተጣራ ውሃ አላቀረብንም ብሎ ጻፈ። ሁለት ደንበኞች ግን በቧንቧቸው ውስጥ እባብ የሚመስለውን ኢል የሚባለውን ዓሣ አገኙ። ዓሣ በአሸዋ ማጣሪያ አያልፍም። ምርመራ ሲደረግ ኩባንያው ያልተከደነ አሮጌ የማጠራቀሚያ ገንዳ ከወንዝ የሰረገውን ውሃ እየጨመረ ሲጠቀም እንደነበር ወጣ። በዚያ ወረርሽኝ ከ5,500 በላይ ሰው ሞተ።

ሌሎች ከተሞች በዚህ መሀል ሌላ መንገድ ይዘዋል። በርሚንግሃም ከተማ ጆሴፍ ቻምበርሌይን ከንቲባ ሳለ በ1870ዎቹ የግሉን የውሃ ኩባንያ ገዝታ ወደ ራሷ አዞረች። ቻምበርሌይን ሶሻሊስት አልነበረም፤ በብሎን ንግድ የበለጸገ ፋብሪካ ባለቤት ነው። የከተማውን ጋዝ አትርፎ መሸጥ ይቻላል፣ ውሃ ግን ማትረፊያ መሆን የለበትም የሚል አቋም ነበረው። በዚያ ላይ ከተማ አስተዳደር ከየትኛውም ኩባንያ ባነሰ ወለድ መበደር እንደሚችል ያውቃል። የነጋዴ ሂሳብ ነው ያሰላው። የነጋዴ ሂሳብ ውሃን ከነጋዴ እጅ አወጣ።

ለንደን የዘገየችው ስምንት ኩባንያዎች ስለነበሯትና ዋጋቸውም ሰማይ ስለነካ ነው። በ1890ዎቹ በከተማው ምሥራቅ የውሃ እጥረት ደጋግሞ ሲደርስ የሕዝቡ ትዕግሥት አለቀ። በ1902 ሕግ ወጣ፣ በ1904 የሜትሮፖሊታን የውሃ ቦርድ ስምንቱንም ተረከበ። ባለአክሲዮኖቹ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ በግልግል ዳኞች ጠቀም ያለ ካሳ ተቆረጠላቸው። ያንን ዕዳ የለንደን ውሃ ተጠቃሚ ለአሥርት ዓመታት ከፈለ። አንድን ነገር ለነጋዴ መስጠት ቀላል፣ መልሶ መውሰድ ውድ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ቦርዱ ሰባ ዓመት ሠራ። ጀግንነት የሌለበት፣ አሰልቺና ጥሩ የሥራ ዘመን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎቹ አንዱ አሌክሳንደር ሂውስተን የተባለ ሳይንቲስት ቀጥሮ ውሃውን በየጊዜው የሚመረምር ላቦራቶሪ ማቋቋም ነበር። በ1916 በጦርነቱ ምክንያት የድንጋይ ከሰል ሲወደድ፣ ሂውስተን ውሃውን ወደ ላይ ወደ ማጠራቀሚያ ገንዳ በፓምፕ ከመግፋት ይልቅ በቀጥታ ወስዶ በክሎሪን ማከም ወጪ እንደሚቀንስ አሳየ። ለንደን ክሎሪን በሰፊው መጠቀም የጀመረችው ነዳጅ ለመቆጠብ ስትል ነው ማለት ይቻላል። የመንግሥት ድርጅት አዲስ ነገር አይፈጥርም ለሚሉ ይህ አንድ መልስ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ለመንግሥት ደጋፊዎች የማይመች ምዕራፍ ነው። በ1974 እንግሊዝና ዌልስ በወንዝ ተፋሰስ ተከፋፍለው አሥር የክልል ውሃ ባለሥልጣናት ተቋቋሙ። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ አደረጃጀት ነው። ከምንጩ እስከ ፍሳሹ አንድ ባለቤት አለው። ችግሩ ይኸው አንድ ባለቤት ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቅም፣ ወንዝ የበከለን የሚከስም መሆኑ ነበር። ከሳሽም ተከሳሽም አንድ ቢሮ ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ። በ1976 አገሪቱ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ስትወስድ የመንግሥት ወጪ ይቀነስ ተባለ። ቀድሞ የሚቀነሰው የማይታየው ነው። ትምህርት ቤት ብትዘጋ ወላጅ ይጮኻል፣ ሆስፒታል ብትዘጋ ጋዜጣ ይጽፋል። የመቶ ዓመት ቧንቧ ሳይቀየር አንድ ዓመት ቢቆይ ግን የሚያውቀው መሐንዲሱ ብቻ ነው። ከ1979 በኋላ የታቸር መንግሥት በባለሥልጣናቱ ብድር ላይ ልጓሙን ይበልጥ አጠበቀ። በ1980ዎቹ ብሪታንያ «የአውሮፓ ቆሻሻ ሰው» የሚል ቅጽል ስም አተረፈች። የአውሮፓ ማኅበረሰብ የመጠጥ ውሃና የባሕር ዳርቻ ንጽሕና መመሪያዎች ሲመጡ ለማሟላት ቢሊዮኖች ያስፈልጉ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ ያንን ገንዘብ በራሱ መዝገብ ላይ ማየት አልፈለገም።

በ1989 የተደረገው ሽያጭ የተወለደው ከዚህ ነው። የርዕዮተ ዓለም ስሜት ነበረበት፣ ነገር ግን ከሥሩ ያለው መንግሥት ራሱ ለዓመታት ያልከፈለው ወጪ ነው። አሥሩም ባለሥልጣናት ከነግድባቸው፣ ከነቧንቧቸው፣ ከነመሬታቸው በአክሲዮን ተሸጡ። መንግሥት ከሽያጩ 7.6 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሰበሰበ። ግን ገዢ እንዲገኝ ሲል ቀድሞ 5 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ዕዳቸውን ሰረዘላቸው፣ ከዚያ በላይ 1.5 ቢሊዮን ጥሬ ገንዘብ ጨመረላቸው። ሙሽራዋን ዕዳዋን ከፍሎ፣ ጥሎሽ ጨምሮ ዳራት።

የሽያጩ ጥሩ ጎን ብዙ ጊዜ ከማይጠቀስበት ቦታ ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ ወንዝ የመቆጣጠሩ ሥልጣንም ከኩባንያዎቹ ጋር ሊሸጥ ነበር። ተቃውሞ ተነሣ፣ በመጨረሻም ለወንዙ አንድ፣ ለመጠጥ ውሃ ጥራት አንድ፣ ለዋጋ ደግሞ ኦፍዋት የሚባል ሌላ ተቆጣጣሪ ተቋቋመ። ከሳሽና ተከሳሽ በመጨረሻ ቢሮ ተለያዩ። በቀጣዮቹ ዓመታት የቧንቧ ውሃው ጥራት ተሻሻለ፣ የባሕር ዳርቻው ጸዳ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ አሳፋሪ ደረጃ ደርሶ የነበረው የውሃ ብክነትም ቀነሰ። ይህን የሚክድ ተከራካሪ ማመን አይገባም። ግን ይህ ለውጥ የባለቤትነት ፍሬ ነው ወይስ የተቆጣጣሪው? በ1994 የስኮትላንድ ስትራዝክላይድ ክልል በፖስታ በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ 97 በመቶ ድምፅ ሰጪ ሽያጩን እምቢ አለ። የስኮትላንድ ውሃ እስከ ዛሬ በሕዝብ እጅ ነው፤ እዚያም የገለልተኛ ተቆጣጣሪ ሥርዓት ተተክሎ የቧንቧ ውሃው ተሻሽሏል። ፓሪስም ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ማከፋፈሉን ለሁለት የግል ኩባንያዎች ሰጥታ ቆይታ በ2010 ወደ ከተማው መልሳዋለች። የፓሪስ ሰዎች ግን ቧንቧውን ራሱን ሸጠው ስለማያውቁ ውል ሲያልቅ ቁልፉን መቀበል ብቻ ነበር የጠበቃቸው። የእንግሊዝ ሽያጭ መመለሻ ቀን የለውም።

ለንደንን የሚያጠጣው ቴምዝ ዋተር ያለ ዕዳ ነበር የተወለደው። መጀመሪያ በአክሲዮን ገበያ፣ ከዚያ አርደብልዩኢ በተባለ የጀርመን ኩባንያ እጅ ከቆየ በኋላ በ2006 መጨረሻ ማኳሪ የተባለው የአውስትራሊያ ባንክ የመራው ቡድን ገዛው። ማኳሪ ድርሻውን ሸጦ እስከ ወጣበት እስከ 2017 ድረስ የኩባንያው ዕዳ ከ3.4 ቢሊዮን ወደ 10.8 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አደገ። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ቴምዝና ገባሮቹ በመልቀቁ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። አሠራሩ ከባድ ሂሳብ አይጠይቅም። ውሃ የሚጠጣ ሰው አይጠፋም፣ ደንበኛው ወደ ሌላ አቅራቢ መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ አበዳሪ ያለ ሥጋት ያበድራል። በተበደሩት ገንዘብ ላይ ለባለአክሲዮን ትርፍ ይከፈላል፣ ዕዳው ከቧንቧው ጋር ይቀራል። ሁሉም በሕግ የተፈቀደ ነበር። የ1854ቱ ሳውዝዋርክ ኤንድ ቮክስሆልም ሕግ አልጣሰም ነበር።

ተቆጣጣሪው በእነዚያ ዓመታት ትኩረቱ የደንበኛው ሂሳብ እንዳይወደድ ነው። ይህም በጎ ዓላማ ነው። ነገር ግን ሂሳቡ ዝቅ እንዲል፣ ትርፉም ከፍ እንዲል ሲፈለግ የሚተርፈው መቆረጫ ያው የማይታየው ቧንቧ ነው። በ1970ዎቹ የገንዘብ ሚኒስቴር ያደረገውን በ2000ዎቹ ባለአክሲዮኑና ተቆጣጣሪው ተጋግዘው ደገሙት። ዛሬ ቴምዝ ዋተር ከሚያሰራጨው ውሃ ሩብ ያህሉ ቤት ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይቀራል። ከ1992 ወዲህ በመላው እንግሊዝ አንድም አዲስ ትልቅ የውሃ ግድብ ተጠናቅቆ ሥራ አልጀመረም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው የባለቤቶቹ ዝርዝር ነው። ከማኳሪ በኋላ ትልልቆቹ ባለድርሻዎች የካናዳ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ፈንድ፣ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጡረታ ፈንድ፣ የቻይና መንግሥት የኢንቨስትመንት ኮርፖሬሽን፣ የአቡ ዳቢ መንግሥት የኢንቨስትመንት ባለሥልጣን ነበሩ። የለንደን ውሃ «የግል» ነው ሲባል፣ ከፊሉ የመንግሥት ነው፤ የብሪታንያ መንግሥት ግን አይደለም። በ2024 መጋቢት እነዚህ ባለድርሻዎች ተጨማሪ 500 ሚሊዮን ፓውንድ አናስገባም አሉ። የካናዳው ፈንድ ድርሻውን ዋጋ የለውም ብሎ ከመዝገቡ ሰረዘ። መምህራኑም ጡረታቸውን አልጠቀመም፣ የለንደን ነዋሪም ቧንቧው አልተቀየረለትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ስለ እኛ ማለት ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ የውሃ ሥራውን የሚመራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ክርክሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ይመስላል። ፈረቃው ሲዛነፍ በየሰፈሩ ብቅ የሚለው የጀሪካን ጋሪና ውሃ የጫነ ቦቴ ግን የግል ገበያ ነው። ይህን ገበያ ማንም በሕግ አልሸጠውም፣ ማንም አልተከራከረበትም፣ ዋጋውን የሚጠይቅ ተቆጣጣሪም ደጅ ላይ አይታይም። ገንዳ የገዛና ፓምፕ ያስገባ ይተርፋል፣ ያልቻለ በጀሪካን ይገዛል። የ1850ዎቹ ለንደን የነበረችው እንዲህ ነው። ውሃን ወደ ግል ማዛወር በአዋጅ ብቻ አይመጣም፤ የመንግሥት ቧንቧ ሲደርቅ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ወደ ቴምዝ ስንመለስ፣ በ2025 ዕዳው ወደ 20 ቢሊዮን ፓውንድ ተጠግቷል። በየካቲት ፍርድ ቤት እስከ 3 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ፈቀደለት። በግንቦት ኦፍዋት 122.7 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ይህ ቅጣት ከፍሳሽ አያያዝና አላግባብ ከተከፈለ የትርፍ ድርሻ ጋር የተያያዘ ሲሆን በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ትልቁ ነው። የለንደን ነዋሪ፣ እዚያ ያለው ወገናችንም ጭምር፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ሂሳቡ ከ30 በመቶ በላይ ጨምሮበታል። ሊገዛው የመጣው የአሜሪካ ድርጅት ኬኬአር መዝገቡን ካየ በኋላ በሰኔ ትቶት ሄደ።

በሐምሌ ወር በሰር ጆን ከንሊፍ የሚመራ ገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርቱን አወጣ። 88 ምክረ ሐሳቦች አሉት፤ ዋናው ኦፍዋትን አፍርሶ የዋጋ፣ የጥራትና የወንዝ ቁጥጥሩን አንድ ላይ የሚይዝ አዲስ ተቆጣጣሪ ማቋቋም ነው። መንግሥትም በዚህ ተስማምቷል። በ1989 የተለያዩት ቢሮዎች እንደገና ሊጣመሩ ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ቧንቧው ራሱ ከእነሱ ጋር አለመሆኑ ነው። ኮሚሽኑ ሥራ ሲጀምር መንግሥት በሰጠው የሥራ ዝርዝር ላይ ውሃውን ወደ ሕዝብ ይዞታ የመመለስን ጉዳይ እንዲመረምር አልተፈቀደለትም ነበር። በ1904 የተከፈለውን ካሳ የሚያስታውስ የገንዘብ ሚኒስቴር ለምን እንደፈራ መገመት አያስቸግርም።